ሁለት ዲግሪ በአንድ ምዝገባ፦ ስለ ሳይኮሎጂ ጥምር ትምህርት ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ሳይኮሎጂን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪን አጣምሮ በሚሰጥ ፕሮግራም መማር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ተማሪ ነኝ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ «የ5 ዓመት ጥምር ዲግሪ» ይላል፤ ሌላው 4 ዓመት፤ ሌላው ደግሞ «3 ሲደመር 2»። ልዩነቱ የስም ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?

መልስ፦ የስም ብቻ አይደለም። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከጥንስሱ እስከ ምርቃቱ አንድ ወጥ የሆነው ነው። አንዴ ትገቢያለሽ፤ መሐል ላይ ሁለተኛ ማመልከቻ የሚባል ነገር የለም። የስዊድን የሳይኮሎጂስት ፕሮግራም 5 ዓመትና 300 የአውሮፓ ክሬዲት ነው፤ የፖላንዱም እንዲሁ ሳይቆራረጥ 5 ዓመት ይሄዳል። እንግሊዝ ውስጥ ያለው የተቀናጀ ማስተርስ ደግሞ በ4 ዓመት ያልቃል፤ በድምሩ 480 የአገሩ ክሬዲት ሲሆን ቢያንስ 120ው በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ መሆን አለበት።

ሁለተኛው በአሜሪካ የተለመደው «4 ሲደመር 1» ነው። እንደማንኛውም ተማሪ ትገቢያለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ 3ኛ ዓመት ላይ ለማስተርሱ ታመለክቻለሽ፤ ካለፍሽ 4ኛ ዓመት ላይ ጥቂት የማስተርስ ኮርሶች ትወስጃለሽ፤ እነዚያ ኮርሶች ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠራሉ። ሦስተኛው «3 ሲደመር 2» ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጥምር ሳይሆን ተከታታይ ነው፤ በአውሮፓ 180 ክሬዲት ላይ አንድ ዲግሪ ታገኛለሽ፤ ከዚያ ለ120 ክሬዲት ማስተርስ እንደገና ትወዳደሪያለሽ። የውጭ ሰው ከሚገባበት በር ነው የምትገቢው፤ የራስሽ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ብቻ ቦታ አይጠብቅሽም።

«4 ሲደመር 1» ላይ ዓይንሽን ከማስታወቂያው አንሥተሽ ክሬዲት ቁጠሪ። የመጀመሪያው ዲግሪ 120 የአሜሪካ ክሬዲት፣ ማስተርሱ 36 ነው እንበል። ለየብቻ ቢሆኑ 156 ነው። 12 ክሬዲት ለሁለቱም የሚቆጠር ከሆነ 144 ላይ ያበቃል። ከ4ኛው ዓመት በኋላ የሚቀርሽ 24 ክሬዲት ነው ማለት ነው፤ እሱም በአንድ ዓመት ያልቃል። ማስተርሱ ግን የካውንስሊንግ ሆኖ 60 ክሬዲት ከጠየቀ የሚቀርሽ 48 ነው። ይህንን ከተግባር ልምምዱ ጋር በአንድ ዓመት መጨረስ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እዚያ አገር «በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ» የሚል ካየሽ፣ ማስተርሱ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ ወይም የምርምር ሳይኮሎጂ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። መጥፎ ዲግሪ አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ ለማማከር ግን አያበቃም።

ለሬጅስትራሩ የምታቀርቢያቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ዲፕሎማው አንድ ነው ሁለት? መሐል ላይ ላቁም ብል በመጀመሪያ ዲግሪ መውጣት እችላለሁ? በመዝገብ ላይ የማስተርስ ተማሪ የምባለው ከየትኛው ሴሚስተር ጀምሮ ነው? መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ፍላጎቴ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መሆን ነው። ጥምር ፕሮግራሙን ስጨርስ በቀጥታ ሥራ መጀመር እችላለሁ? ወይስ ዶክትሬት የግድ ነው?

መልስ፦ ዲግሪ ሌላ፣ የሙያ ፈቃድ ሌላ ነው። ስለዚህ ትምህርት ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ግማሹ ችግር የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከፈቃዱ ጀምር፦ ልትሠራበት ባሰብከው አገር ፈቃድ የሚሰጠው አካል ማን እንደሆነ ፈልግ፤ የሚጠይቀውን ኮርስ፣ ክሬዲትና የልምምድ ሰዓት ዘርዝረህ ያዝ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርክ የትኛው ፕሮግራም ዝርዝሩን እንደሚሞላ እይ።

አገሮቹ በጣም ይለያያሉ። በስዊድን ከ5 ዓመቱ በኋላ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር አንድ ዓመት ሠርቶ የሳይኮሎጂስትነት ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ ጥምር ፕሮግራሙ በእርግጥም ለሥራው ተብሎ የተሰፋ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተመሳሳዩ ፕሮግራም 6 ዓመት ነው። ዩሮፕሳይ የሚባለው የአውሮፓ የምስክር ወረቀትም መለኪያው 300 ክሬዲትና ከዚያ ላይ አንድ ዓመት ክትትል ያለው ሥራ ነው።

ጀርመን ሕጉን ለውጣ ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሳይኮቴራፒስትነት የሚያበቃውን ፈተና ከማስተርስ በኋላ አድርጋዋለች። ወጥመዱ ያለው ግን ታች ነው፦ የመጀመሪያው ዲግሪ በሕጉ የተዘረዘሩትን ኮርሶችና ልምምዶች ካልያዘ፣ በክሊኒካል ሳይኮሎጂና ሳይኮቴራፒ ማስተርስ መግባት አይቻልም። 1ኛ ዓመት ላይ በግዴለሽነት የተመረጠ ፕሮግራም 4ኛ ዓመት ላይ በር ይዘጋል።

በብሪታንያ የተቀናጀው ማስተርስ በብሪታንያ የሳይኮሎጂ ማኅበር ዕውቅና ካለው የማኅበሩ አባልነት መሠረት ይሆንሃል፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመባል ግን ከዚያ በላይ የ3 ዓመት ዶክትሬት አለ። ለዚያ ዶክትሬት ውድድሩ ብርቱ ነው፤ የሚፈለገውም የተጨማሪ ዲግሪ ብዛት ሳይሆን ከታካሚ ጋር የተሠራ ሥራ ነው። በአሜሪካ በራስህ ቢሮ «ሳይኮሎጂስት» ብለህ ለመሥራት በአጠቃላይ ዶክትሬት ይጠየቃል፤ በማስተርስ የሚገኘው ፈቃድ የካውንስለር ወይም የመሰለው ነው። ደግሞም እዚያ ብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ፤ የማስተርስ ክሬዲትህን ሁሉ ላይቆጥሩልህ ይችላሉ። ዓላማህ ዶክትሬት ብቻ ከሆነ የ«4 ሲደመር 1» ትልቁ ጥቅሙ የምርምር ልምድና የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፍልህ መምህር ማግኘቱ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ሙሉ ምዝገባ ለማግኘት ቢያንስ የ6 ዓመት መንገድ ትጠይቃለች።

እና ሳይኮሎጂስት መሆን መፈለግህን እርግጠኛ ካልሆንክ? እኛ ለየብቻ መማሩን እንመርጣለን። የመጀመሪያ ዲግሪን ጨርሶ አንድ ዓመት በአእምሮ ጤና ተቋም ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ለማስተርሱ ሲቀርብ የቱን ዘርፍ እንደሚፈልግ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጥምር ፕሮግራም ውስጥ 2ኛ ዓመት ላይ ናት። ባለፈው ሴሚስተር ውጤቷ ወረደ። ያስወጧት ይሆን? ማስተርሱ ላይ ስትደርስስ የክፍያ እርዳታው ይቀጥላል? — አንዲት እናት

መልስ፦ እመቤት፣ አንድ ሴሚስተር ወረደ ተብሎ የሚያስወጣ ፕሮግራም ብርቅ ነው። አብዛኞቹ አንድ መፈተሻ ነጥብ አላቸው፤ 2ኛ ወይም 3ኛ ዓመት መጨረሻ ላይ አማካይ ውጤቷን ያያሉ። ከ4.0 ውስጥ 3.0 የተለመደ ወሰን ነው፤ ከፍ የሚያደርጉም አሉ። እዚያ ያልደረሰ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከጥምሩ ነው የሚወጣው፤ ወደ መደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተዛውሮ ይመረቃል፤ ማስተርስን በኋላ ሌላ ቦታ ማመልከት ይችላል። የተማረችው አይባክንም።

ከአማካዩ ይልቅ የምንሰጋው ለአንድ ኮርስ ነው። ጥምር ፕሮግራም ውስጥ ኮርሶች በሰንሰለት የታሰሩ ናቸው፦ ስታቲስቲክስ አንድን ያላለፈ ስታቲስቲክስ ሁለት አይገባም፤ ያንን ያልወሰደ የምርምር ዘዴን አይገባም፤ ያለዚያ ደግሞ የመመረቂያ ጥናት አይጀመርም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንድ መውደቅ ዓመት ይጎትታል። ስለዚህ የወረደው የቱ ኮርስ እንደሆነ ይጠይቋት። ምርጫ ኮርስ ከሆነ ብዙም አይጨነቁ። ሰንሰለቱ ላይ ያለ ከሆነ ግን አሁኑኑ የትምህርት አማካሪዋን አነጋግራ በክረምት የምትደግምበትን መንገድ ትፈልግ። ለሁለቱም ዲግሪ የሚቆጠሩት ኮርሶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢ ወይም ከዚያ በላይ ይጠየቃል፤ ሲ ለመጀመሪያ ዲግሪው ቢበቃም ለማስተርሱ ላይቆጠር ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ቁልፉ ልጅዎ በመዝገብ ላይ «የማስተርስ ተማሪ» የምትባልበት ቀን ነው። በእንግሊዝ የተቀናጀው ማስተርስ እስከ መጨረሻው ዓመት በመጀመሪያ ዲግሪ የተማሪ ብድር ይሸፈናል። በአሜሪካ ግን ፔል የሚባለው የፌዴራል ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው አይሰጥም፤ ዲግሪው በ4ኛ ዓመት ከተሰጠ ለ5ኛው ዓመት ድጎማው ይቆማል፤ በቦታው የሚመጣው ባብዛኛው ብድር ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ስኮላርሺፕም ብዙ ጊዜ ለ8 ሴሚስተር ተብሎ የተገደበ ነው። የመጨረሻውን ዓመት ወጪ ከአሁኑ ለይተው ያስሉ።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ሳይኮሎጂ የመረጥኩትም ከሒሳብ ለመራቅ ነበር፤ አሁን ግን «ስታቲስቲክስ አለው» ይሉኛል። ምን ያህል ነው? ልተወው?

መልስ፦ አትተወው፤ ግን እንዳትሸወድም። ከሳይኮሎጂ ብዙ ሰው የሚያስቀረው የፍሮይድ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ስታቲስቲክስ ነው። ጥምር ፕሮግራም ላይ ቢያንስ ሦስት አራት ኮርስ ጠብቅ፦ ከአማካይና ከመደበኛ ልይይት ይጀምራል፤ ወደ ቲ-ቴስትና የልይይት ትንተና ይሄዳል፤ ከዚያ ሪግሬሽን፤ በማስተርሱ ደግሞ ፋክተር አናሊሲስና የመሳሰለው።

የሚከብደው ስሌቱ አይደለም፤ እሱን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። የሚከብደው የወጣው ቁጥር ምን እንዳለና ምን እንዳላለ ማወቁ ነው። ለምሳሌ አንድ ሕክምና ካገኙና ካላገኙ ሰዎች የጭንቀት ውጤት ወስደህ አነጻጽረህ ፒ የሚባለው ቁጥር 0.03 ወጣልህ። ብዙ ተማሪ «ሕክምናው የመሥራቱ ዕድል 97 በመቶ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚለው ይህንን ብቻ ነው፦ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል 3 በመቶ ነው። ስለ ልዩነቱ ትልቅነትም አንዳች አይልም። ለእሱ የውጤት መጠን የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ የስታቲስቲክስ ሊቁ ኮኸን ባወጣው መለኪያ 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ይባላል።

ይህ መጠን ጥናትህን ከመጀመርህ በፊት ያስፈልግሃል። ሁለት ቡድን ታነጻጽራለህ፤ መካከለኛ ልዩነት ትጠብቃለህ፤ የስሕተት ወሰንህ (የሌለን ልዩነት አለ የማለት ዕድል) 0.05፣ ልዩነቱ ካለ የማግኘት አቅምህ 80 በመቶ እንዲሆን ትፈልጋለህ እንበል። በየቡድኑ 64፣ በድምሩ 128 ሰው ያስፈልግሃል። የምትጠብቀው ልዩነት 0.2 ከሆነ ግን በየቡድኑ 400 የሚጠጋ ሰው ነው። በ30 ሰው ጥናት ጀምሮ «ልዩነት አልተገኘም» ብሎ የሚደመድም ቴሲስ ምንም አላሳየም፤ ፈታኞችም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በተቃራኒው 20 ልዩ ልዩ ነገር እየለካህ እያንዳንዱን በዚያው በ0.05 ወሰን ለየብቻ ከፈተሽክ፣ እውነተኛ ልዩነት አንድም ሳይኖር ቢያንስ አንድ የሐሰት «ግኝት» የማግኘት ዕድልህ 64 በመቶ ነው። እነዚህ ልምዶች ሙያውን ራሱን ዋጋ አስከፍለዋል፦ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ትልቅ የትብብር ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች ተደግመው ሲሠሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው «ግኝት አለን» ያሉ ሲሆን በድግግሞሹ የተገኘው 36 በመቶ ብቻ ነበር።

ከመጀመርህ በፊት ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ቀላል አልጀብራና የፕሮባቢሊቲ መነሻ ከልስ፤ ግራፍ ማንበብም ተለማመድ። ካልኩለስ ለአብዛኞቹ ፕሮግራሞች አያስፈልግም። ከሶፍትዌር አር፣ ጃሞቪና ጃስፕ በነጻ የሚገኙ ናቸው። በጃሞቪ ወይም በጃስፕ ጀምር፤ የምትነካውና የሚወጣው ጎን ለጎን ይታይሃል። አርን 2ኛ ዓመት ላይ ያዝ።

ጥያቄ፦ 4ኛ ዓመት ላይ ነኝ። በመጨረሻው ዓመት ኮርስ፣ ቴሲስና ልምምድ አንድ ላይ ይመጣሉ። ቀድመውኝ ያሉት ብዙዎቹ በወቅቱ አልጨረሱም። ምኑ ላይ ነው የሚቸገሩት?

መልስ፦ ጽሑፉ ላይ አይደለም። የሚዘገየው ሌላ ሰው እስኪመልስላቸው በሚጠብቁት ነገር ላይ ነው፦ ጥናቱን የሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የጥናቱ ተሳታፊዎች፣ የልምምድ ቦታ።

በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። የ30 ክሬዲት ቴሲስ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይሆናል፤ ከመደበኛ ትምህርት ጋር በሳምንት 15 ሰዓት ብትሰጪው እንኳ ከ50 እስከ 60 ሳምንት ነው። ስለዚህ ርዕሱና አማካሪው በ4ኛው ዓመት መጨረሻ መታወቅ፣ የኮሚቴው ማመልከቻም በክረምቱ መግባት አለበት።

ማመልከቻው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ጉዳይ ነው። አንዱን በቅርበት እንየው። ድብርትን ለመለካት ብዙ ተማሪ ፒኤችኪው-9 የተባለውን የ9 ጥያቄ መጠይቅ ይመርጣል። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ኮሚቴው ወዲያው «አንድ ተሳታፊ ይህንን አዎ ካለ መልሱን ማን ያያል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ከዚያስ ምን ይደረጋል?» ይላል። ጥናትሽ ስም በማይጠየቅበት የኢንተርኔት መጠይቅ ከሆነ መልስ የለሽም፤ ሰውየውን ማግኘት አትችዪምና። ወይ ክትትል የሚደረግበትን አሠራር አዘጋጂ፣ ወይ 9ኛውን ጥያቄ ያስቀረውን ፒኤችኪው-8 ተጠቀሚ፤ የመጀመሪያው ድምር እስከ 27፣ ሁለተኛው እስከ 24 ይደርሳል። በሁለቱም ሁኔታ የእርዳታ ቦታዎች ዝርዝር መጠይቁ መጨረሻ ላይ ይግባ።

መጠይቁ በተሳታፊዎቹ ቋንቋ ካልተዘጋጀ አንድ ሰው ተርጉሞት አይበቃም። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙት፤ ተስማምተው አንድ ያድርጉት፤ የመጀመሪያውን ያላየ ሦስተኛ ሰው መልሶ ወደ ዋናው ቋንቋ ይተርጉመው፤ የተለያየበት ቦታ ይታረም፤ ከዚያ በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከር። ይህ ብቻውን ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። የመጠይቁ ባለቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም ደብዳቤው መጀመሪያ ይላክ። ተሳታፊ ስትመለምዪ ደግሞ ካሰላሽው ላይ 20 በመቶ ጨምሪ፤ ጀምሮ የሚተው ሰው አይጠፋም።

ወደ ልምምዱ ስንመጣ ቁጥሩ እንደ ፈቃድ ሰጪው ይለያያል። በአሜሪካ ካክሬፕ የሚባለው አካል የሚያጸድቃቸው የካውንስሊንግ ማስተርሶች 100 ሰዓት ፕራክቲከም ይጠይቃሉ፤ 40ው በቀጥታ ከተገልጋይ ጋር የሚሠራ መሆን አለበት። ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ፤ 240ው በቀጥታ ከተገልጋይ ጋር ነው። ተማሪ የሚሞኘው በጠቅላላው ላይ ነው። 600ው በስብሰባ፣ በመዝገብ ሥራና በሥልጠና ቶሎ ይሞላል፤ 240ው ግን ተገልጋይ ስለሚቀር፣ ስለሚሰርዝ፣ ተቋሙ ስለሚዘጋ ይጎድላል። ሁለቱን ለየብቻ መዝግቢ፤ በየሳምንቱም አስፈርሚ። ልምምድሽን የምትከታተለው ሱፐርቫይዘር ሥራ ለቃ ከሄደች በኋላ የ4 ወር ፊርማ መለመን የተለመደ ራስ ምታት ነው። ከሁሉ በፊት የእሷ ፈቃድ በፈቃድ ሰጪው ዘንድ ተቀባይ መሆኑን አረጋግጪ። ሱፐርቫይዘሯ ጎበዝ ሆና ፈቃዷ ከሌላ ሙያ ከሆነ ሰዓቱ ሁሉ ላይቆጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ጥምሩን ከ1ኛ ዓመት መጀመር አለብኝ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አያስፈልግዎትም፤ ባይጀምሩትም ይሻላል እንላለን። በብሪታንያ የሌላ ትምህርት ምሩቃንን የሚያሸጋግር ማስተርስ አለ፤ በማኅበሩ የጸደቀ ከሆነ ልክ እንደ ሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይቆጠራል። በአሜሪካ የካውንስሊንግ ማስተርሶች ጥቂት ቅድመ ሁኔታ ኮርሶች ጠይቀው ከሌላ ዘርፍ የመጣን ይቀበላሉ። ስዊድንን በመሰሉ አገሮች ግን ሙያዊው ፕሮግራም አንድ ወጥ ስለሆነ ከመጀመሪያው መግባት ግድ ሊሆን ይችላል፤ የቆዩ ኮርሶችዎ እንዲያዙልዎት ግን ማመልከት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምማረው ጥምር ሲጠናቀቅ የሚሰጠው አንድ ዲፕሎማ ብቻ ነው። ሌላ አገር ሄጄ «የመጀመሪያ ዲግሪህ የታለ?» ብባልስ?

መልስ፦ ሊባል ይችላል፤ በተለይ የማመልከቻ ቅጹ ሁለት ዲግሪ ለየብቻ እንዲሞላ ሲጠይቅ። ቅጹ ላይ አንዱን ዲግሪ ሁለት ቦታ ከፋፍለህ አትጻፍ፤ በማጣራት ጊዜ የተጭበረበረ ይመስላል። ማስተርስ በሚለው ቦታ ሙሉውን ጻፍና በአባሪ «አንድ ወጥ የ5 ዓመት ፕሮግራም ነው» የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አያይዝ። ቦሎኛ በሚባለው የአውሮፓ የጋራ የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት ውስጥ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከዲፕሎማው ጋር የዲፕሎማ ማብራሪያ የሚባል ሰነድ በነጻ ይሰጣሉ፤ የፕሮግራሙን ደረጃ፣ ርዝመትና ክሬዲት፣ የአገሩንም የትምህርት ሥርዓት ይገልጻል። በ1997 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሊዝበን የዲግሪ ዕውቅና ስምምነት፣ አባል አገሮች ትልቅ ልዩነት ካላገኙ በቀር ለዲግሪው ዕውቅና እንዲሰጡ ይጠይቃል።

ያ ስምምነት ግን የሚነካው የትምህርት ዕውቅናን ነው፤ የሙያ ፈቃድ ሰጪዎች የሚመረምሩት ኮርስ በኮርስ ነው። ትራንስክሪፕት ላይ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂ 2» ተብሎ መጻፉ አይበቃቸውም፤ ስንት ሰዓት ሌክቸር፣ ስንት ሰዓት ተግባር፣ ምን ምን ርዕስ፣ ማን አስተማረው ይላሉ። የኮርስ መግለጫዎች በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ የድሮውን ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን ኮርስ መግለጫ ከነሰዓቱ በፒዲኤፍ አስቀምጥ፤ የልምምድ መዝገብህን ፊርማው ከማኅተሙ ጋር ሙሉ መሆኑን አይተህ ስካን አድርግ፤ ሁለቱንም በሁለት የተለያየ ቦታ ያዝ።